የኮሶን ዛፍ በቲሹ ካልቸር ዘዴ ከጥፋት መታደግ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቦታዎች የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ የሴቴው አበባ ለብዙ ዘመናት የኮሶ ትልን ለማስወጣት ሲያገለግል ኖሯል። ሕዝቡ ትሉንም መድኃኒቱንም ኮሶ ብሎ መጥራቱ ቁርኝታቸውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓውያን አስተዋውቋል።

ዛሬ እንደ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ያሉ መጠናቸው የታወቀ መድኃኒቶች አሉ። ኮሶ በብዛት ሲወሰድ ትውከት፣ ተቅማጥና ድካም ከማስከተሉም በላይ የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ይህ ጉዳት ዛፉን ችላ ለማለት ሳይሆን በሚገባ ለማጥናት ምክንያት ሊሆን ይገባል፤ ለማጥናት ግን በቅድሚያ ዛፉ መኖር አለበት።

ዛፉን ያመናመነው በዋናነት እንጨቱ ለቤት ዕቃ ተፈላጊ መሆኑና የእርሻ መሬት መስፋፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር።

ዘርን በዘር ባንክ ማቆየት ቀላሉና ርካሹ የጥበቃ ዘዴ ነው። ሆኖም የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኝ፣ ከዘር የበቀለ ችግኝ ጾታው የሚለየው ለዓመታት አድጎ ሲያብብ ነው፤ የተመረጠችውን እናት ዛፍ ባሕርይም ሙሉ በሙሉ አይወርስም። የቲሹ ካልቸር ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ባክቴሪያ በላቦራቶሪ እንደሚያድግ ሁሉ፣ ከዛፉ የተቆረጠ ትንሽ እምቡጥ በበረኪና ወይም በሌላ ፀረ ጀርም ይጸዳል፤ ከዚያም ማዕድናት፣ ስኳርና ቫይታሚን ባለው አጋር ላይ ይቀመጣል። ሳይቶካይኒን የተባለው የዕፅዋት ሆርሞን ቀንበጡን ያበዛል፤ ኦክሲን ደግሞ ሥር እንዲያወጣ ያደርጋል። በመጨረሻም ችግኙ በጠርሙስ ውስጥ ከለመደው እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ አፈርና ወደ ውጭ አየር ይሸጋገራል። በዚህ ሽግግር ላይ ብዙ ችግኝ ሊጠፋ ይችላል። የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች ኮሶን በዚህ መንገድ ማባዛት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጧቸው ጥናቶች አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ከአንድ ዛፍ የተባዙ ሺህ ችግኞች በዘረ መላቸው አንድ ናቸው። አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ሁሉንም ሊያጠቃ ይችላል። ሴቴዎች ብቻ ከሆኑ ደግሞ ወንዴ በሌለበት ዘር አይሰጡም። በመሆኑም ናሙናው በደባርቅ፣ በዳባትና በሌሎች ወረዳዎች ካሉ ብዙ ዛፎች፣ ከወንዴም ከሴቴም ሊወሰድ ይገባል። ቲሹ ካልቸር የቆመውን ደን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

ተመሳሳይ የሆኑ ችግኞች ለመድኃኒት ምርምር ግን ጠቃሚ ናቸው፤ በአበባው ውስጥ ያሉትን እንደ ኮሶቶክሲን ያሉ ንጥረ ነገሮች መጠን ለማነጻጸር ያስችላሉ። የጤና ባለሙያውም ድርሻ አለው። ኮሶ የጠጣ ሕሙም ሲመጣ የወሰደውን መጠንና የዓይኑን ሁኔታ ጠይቆ መመዝገብ፣ በትክክለኛው መድኃኒት ማከም፣ አበባው ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ከታወቀም ለግብርና ባለሙያዎች ማስታወቅ ይችላል። እንዲህ ያለው መረጃ ሕዝቡ ለመድኃኒት የመረጣቸውን ዛፎች ሳይቆረጡ ለይቶ ለማቆየት ይረዳል።