ኢትዮጵያ የተወችውን ግብር ሌላ አገር ሊሰበስበው ይችላል

ሞጆ፦ ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ ተሽከርካሪ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚደርሱት ኮንቴይነሮች መካከል ለውጭ ባለሀብቶች ፋብሪካዎች የሚሆን ጥሬ ዕቃና ማሽን የጫኑ ይገኙበታል። እነዚህን ፋብሪካዎች በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወዳሉ ስፍራዎች ከሚስቧቸው ነገሮች አንዱ ለዓመታት የሚቆየው የትርፍ ግብር እፎይታ ነው። አዲስ ዓለም አቀፍ የግብር ሕግ ግን የዚህን እፎይታ ጥቅም ጥያቄ ውስጥ ከቶታል።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2021 ከ130 የሚበልጡ አገራትና ግዛቶች በተስማሙበት መሠረት፣ ዓመታዊ ገቢው 750 ሚሊዮን ዩሮና ከዚያ በላይ የሆነ ዓለም አቀፍ ኩባንያ በሚሠራበት በእያንዳንዱ አገር ከትርፉ ቢያንስ 15 ከመቶ ግብር መክፈል ይኖርበታል። በአንዱ አገር ያነሰ ከከፈለ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኝበት አገር ልዩነቱን ይሰበስባል። የአውሮፓ ኅብረት፣ ብሪታንያ፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ሕጉን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ማዋል ጀምረዋል። የአሜሪካ ኩባንያዎች ግን ከሕጉ ዋና ዋና ክፍሎች ነጻ እንዲሆኑ ሰባቱ ባለጸጋ አገራት እ.ኤ.አ. በ2025 ተስማምተዋል።

ነገሩ ከእርሻ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ገበሬ አዲስ ጎጆ ለወጣ ወጣት መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ፣ «እስክትቋቋም ድርሻዬን ትቼልሃለሁ» ቢለው፣ ሌላ ሰው ደግሞ አውድማው ድረስ መጥቶ ያንኑ ድርሻ ቢሰፍር፣ ገበሬው ያጣውን ወጣቱ አላገኘውም።

ሠራተኛ የሚያበዛ ፋብሪካስ?

ሕጉ ለዚህ መጠነኛ ከለላ አለው። ግብሩ ከመታሰቱ በፊት ከትርፉ ላይ ከደመወዝ ወጪ 10 ከመቶ፣ ከሕንፃና ከማሽን ዋጋ ደግሞ 8 ከመቶ ያህሉ ይቀነሳል። እነዚህ መጠኖች ከዓመት ዓመት እየቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2033 ወደ 5 ከመቶ ይወርዳሉ።

በእፎይታ ላይ ያለ አንድ ፋብሪካ 100 ሚሊዮን ብር አተረፈ እንበል። የደመወዝ ወጪው 40 ሚሊዮን፣ ሕንፃና ማሽኑ 200 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ስሌት 4 እና 16 ሚሊዮን ተቀንሶ 80 ሚሊዮን ይቀራል። የዚህ 15 ከመቶ 12 ሚሊዮን ብር ነው። ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት አገር የሚቀነሰውም አነስተኛ በመሆኑ፣ ብዙ እጅ የሚቀጥር ፋብሪካ እንኳ የሚያገኘው ከለላ ውስን ነው።

እፎይታ ሰጪው አገር ግን አማራጭ አለው፤ 12 ሚሊዮኑን ራሱ አስቀድሞ የሚሰበስብበትን ሕግ ማውጣት ይችላል። ኬንያ ይህን አድርጋዋለች። እንዲህ ሲሆን የኩባንያው ወጪ አይጨምርም፤ ገንዘቡ ግን ለመንገድና ለመስኖ ሊውል በሚችልበት አገር ይቀራል።

የሠራተኛው መብት

የግብር እፎይታ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነጻ አያደርግም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀናት አያንስም፤ የወሊድ ፈቃድም 120 ቀናት ነው። አሠሪው ለጡረታ 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ ያዋጣሉ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ደግሞ ግብር የማይከፈልበት ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል።

ልጆቻቸው በፓርኩ የሚሠሩ ወላጆች የቅጥር ውሉ በጽሑፍ መሆኑንና የጡረታ መዋጮው በስማቸው ገቢ መደረጉን እንዲያረጋግጡ ልጆቻቸውን ቢያሳስቡ መልካም ነው። ኩባንያው ለየትኛው መንግሥት ግብር እንደሚከፍል የሚወሰነው በሩቅ ነው፤ ይህን ግን ሠራተኛው ራሱ ጠይቆ ሊያውቀው ይችላል።