ተቆርጦ የቀረ ብሎን

ብሎን ሲቆረጥ ድምፁ ትንሽ ነው። ቁልፉ ድንገት ይቀላል፣ የብሎኑ ጭንቅላት ቁልፉ ውስጥ ይቀራል። ያኔ ልብ ስንጥቅ ይላል፤ የብሎኑ ግማሽ አካል የሞተሩ ክዳን በሆነው ቴስታታ ውስጥ እንደተቀበረ ነውና።

ይህ በብዛት የሚደርሰው የጭስ ማውጫውን ከቴስታታው ጋር በሚያስሩት ብሎኖች ላይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ይግላሉ፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛሉ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃና ውሃ ይረጭባቸዋል። ዝገት ከበላው ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል፤ በብሎኑና በቀዳዳው ፊሌቶ (ጥርስ) መካከል እያበጠ እንደ ሽብልቅ ይወጥራቸዋል። ቴስታታው አሉሚኒየም ሲሆን ይብሳል፤ እርጥበት ከገባ አሉሚኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት አውጥቶ ብሎኑን ነክሶ ይይዛል።

ዘይት ነፍቶ ማሳደር ይረዳል። በየጋራዡ የሚታየው ደብሊው ዲ 40 እ.ኤ.አ. በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ የተቀመመው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረር ነበር። ለዝገት ማስለቀቂያ ተብሎ የተሠራ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ሌሊቱን ይጠጣው።

አንድ ጋራዥ ውስጥ የ8 ሚሊ ብሎን ተቆርጦ፣ የጥፍር ያህል ብቻ ብቅ ብሎ አይቻለሁ። ልጁ በፒንሳ ሊጠመዝዘው ሲል ሽማግሌው መካኒክ «ተው ልጄ፣ የቀረውንም ትበላዋለህ» አሉት። አስቀድመው የባትሪውን ገመድ አስፈቱ፤ ብየዳ የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ በጉራጁ ላይ ዳዶ አስቀምጠው በዳዶው ቀዳዳ በኩል በየዱት። ዳዶው ፍም መሰለ። ልጁ ወዲያው ቁልፍ ሲያነሣ «ቆይ፣ ይረፍ» አሉ። ሙቀቱ ብሎኑን አሳብጦ ዝገቱን ያደቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ ብሎኑ ይሰበሰብና ከደቀቀው ዝገት ይላቀቃል። ቅላቱ ሲጠፋ ጧፍ አስጠጉበት፣ ሰሙ ቀልጦ ወደ ፊሌቶው ሰረገ። ቁልፉን ትንሽ ወደ ግራ፣ መልሰው ወደ ቀኝ፣ ደግመው ወደ ግራ። ሲጥ አለ። ቡናማ ዱቄት ብን አለና ብሎኑ መዞር ጀመረ። እኔ ካየኋቸው ዘዴዎች ሁሉ የማምነው ይህን ነው።

ብቅ ያለ ነገር ከሌለ ግን ድሪል ነው፤ ጭንቁም መሃሉን ማግኘት ላይ ነው። ብሎኑ ከአሉሚኒየሙ ስለሚጠነክር የድሪሉ ፑንታ ትንሽ ከሳተ ወደ ለስላሳው ይሸሽና ቀዳዳውን ያበላሻል። የ8 ሚሊ ብሎን ከሆነ በ3 ሚሊ ፑንታ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ 6.5 ሚሊ ይሰፋል፤ የሚቀረው ስስ ቅርፊት ተፈልቅቆ ይወጣል። ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ ፑንታ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ እየበሳ ብሎኑን ራሱ ፈትቶ ሊያመጣው ይችላል። የተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እየጠመዘዘ የሚነቅለውን መሣሪያ ግን አልመክርም። ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም።

ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ሽማግሌው የወጣውን ብሎን ከነዳዶው ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ገና ይሞቅ ነበር። ልጁ የቀዳዳውን ፊሌቶ አጸዳ፣ አዲሱን ብሎን ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ቀባው፣ በጣቱም ያዞረው ጀመር። ያለ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ገባ።