እህል የጣለው የጦር አይሮፕላን

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የጦር አይሮፕላን የተባለ እንደ ሆነ በብዙ ሰው ልቡና ቀድሞ የሚሣለው ቦምብ ነው። ይህም በከንቱ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ያገራችን ታሪክ ራሱ ያሳደረው ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች ዐድዋን ደበደቡ፤ ኅዳር 26 ቀን ደግሞ ደሴን አቃጠሉ። ከዚያም በተከዜና በአሸንጌ ዙሪያ የሰናፍጭ መርዝ ከሰማይ ሲወርድ ያየው ትውልድ፣ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ልጁን ወደ ዋሻ መሳቡን ሳይተው አረጀ።

ዛሬ የምንናገረው ግን ለጦርነት የተሠራ አይሮፕላን እህል ስለ ጣለበት ዘመን ነው። ይኸውም 1977 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት በሰሜኑ ያገራችን ክፍል፣ ይልቁንም በወሎና በትግራይ፣ ድርቁና ጦርነቱ ተደርበው ያደረሱትን መከራ የማያውቅ አድማጭ የለም። ጥቅምት 13 ቀን ከኮረም የተነሣው ፊልም በእንግሊዝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ታየ፤ ዓለም ሁሉ ደነገጠ። ከመርከብ የወረደውን እህል ወደ ተራራው የሚያወጡት ካሚዮኖች ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ መንገዱም ገሚሱ በገደል፣ ገሚሱ በጦርነት የታጠረ ነበር። ስለዚህ የቀረው መንገድ ሰማይ ብቻ ሆነ። በዚያው በጥቅምት መጨረሻ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ የተባሉትን የጭነት አይሮፕላኖች ወደ አዲስ አበባ ላከ። የዘመቻውንም ስም «ቡሽል» አሉት፤ ቡሽል በነርሱ ዘንድ የእህል መስፈሪያ ነው፤ መጠኑ ይለይ እንጂ እንደኛ ቁና መሆኑ ነው። ጀርመኖች ትራንሳል የተባለውን፣ ሶቪየቶች አንቶኖቭ 12ን፣ ፖላንዶች ሚ 8 የተባለውን ሄሊኮፕተር ይዘው መጡ። በአውሮፓ ምድር አፈሙዝ ለአፈሙዝ ተደቅነው የነበሩት የሁለቱ የጦር ማኅበሮች ወታደሮች፣ በወሎ ደጋ ላይ አንዱ መሬቱን እያመለከተ ሌላው እህሉን እየጣለ አብረው ሠሩ። እነዚያ መንግሥታት በሌላው ጉዳይ ሁሉ ሲነቃቀፉ እንደ ነበሩ ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል።

የሄርኩለስ አሠራር ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ እንመልከት። ይህ አይሮፕላን መጀመሪያ የበረረው በነሐሴ ወር 1946 ዓ.ም. ነው። አሜሪካኖች ሲያቅዱት ያሰቡት አንድ ቁም ነገር ነበር፤ ይኸውም ጭነት የሚጭነው ሰው እንዳይቸገር ነው። ስለዚህ ክንፉን ከጀርባው ላይ አወጡት፤ ጎማዎቹንም ከሆዱ ግራና ቀኝ ባበጡ ሽፋኖች ውስጥ ሸሸጓቸው። በዚህ ምክንያት ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ከካሚዮን አልጋ ጋር ይስተካከላል። ጅራቱም ወደ ላይ የተቀለበሰ ስለሆነ ከበታቹ ያለው መዝጊያ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ መሬት ይነካል፤ ካሚዮኑ ወደ ኋላ ተጠግቶ ጭነቱን ያገባል፣ ጂፕ መኪና ከሆነም ራሱ ነድቶ ይገባል። አራት ሞተሮች አሉት። በደህና ቀን 20 ቶን ያህል ይሸከማል፤ ይህም 200 ኩንታል ነው። አንድ ደኅና በቅሎ አንድ ኩንታል ትጭናለች ብንል፣ አንድ አይሮፕላን ሁለት መቶ በቅሎ ከነነጂዎቻቸው ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ በአንድ ጊዜ ሠራ ማለት ነው። በቅሎዎቹ ደግሞ በዚያ ዓመት አልቀው ነበር።

እኔ በዚህ ዐይነት አይሮፕላን የመሳፈር ዕድል ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመሥሪያ ቤታችን መልእክተኞች ጋር ለሥራ ወደ ሰሜን በሄድሁበት ጊዜ ነው። በመንገደኛ አይሮፕላን ለለመደ ሰው ነገሩ ሁሉ እንግዳ ነው። በኋላው መዝጊያ እንደ እህል ጆንያ በተራ ገባን፤ ከቀይ ጠፍር በተሠራ መረብ ላይ፣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን ተቀመጥን። ጣሪያው አልተሸፈነም፤ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ ሽቦው እንደ በግ አንጀት ተዘርግቶ ይታያል። መስኮቱ ጥቂትና ትንሽ ስለሆነ፣ ደመና ውስጥ እንግባ ተራራ እንለፍ የሚያውቀው በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ብቻ ነው፤ ሌላው የርሱን ፊት እያየ ይገምታል። ከአለቆቻችን አንዱ በቢሮ ድምፃቸው በሦስተኛው ክፍል የሚሰማ ነበሩ፤ በዚያ ግን አጠገባቸው ለተቀመጥሁት ለኔ አንድ ቃል ማሰማት ስላልቻሉ፣ ሐሳባቸውን በፋይል ጀርባ ላይ እየጻፉ ያቀብሉኝ ጀመር። የጭነቱ ኃላፊ ረዥም ገመድ ያለው የጆሮ ማድመጫ አጥልቆ እየተመላለሰ፣ ጭነቱን ከወለሉ ቀለበት ጋር ያሰረውን ሰንሰለት በእጁ ይፈትሽ ነበር። ያ ሰንሰለት ቢላላ በመካከል ያለው ጭነት በጉልበታችን ላይ እንደሚመጣ ሁላችንም ስለ ተረዳን፣ የሰውየውን እጅ ሁላችንም በዐይናችን ስንከተለው ቆየን።

ወደ ቁም ነገራችን እንመለስ። እንደ መቀሌና አክሱም ባሉት ቦታዎች ማረፊያ ሜዳ ስለ ነበር አይሮፕላኖቹ አርፈው እህሉን ያራግፉ ነበር። በደጋው ወገብና በአምባው ላይ ግን ማረፊያ ስላልነበረ መጣል የግድ ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ እህል ሲጣል ከሩቅ ሰማይ የሚለቀቅ ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ አንድ ጆንያ እንኳ ባልተረፈ ነበር። የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ይወርዱ የነበረው ከመሬት 15 ሜትር ያህል እስኪቀራቸው ድረስ ነው፤ ይህም የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ከፍታ ነው።

ምክንያቱ በሂሳብ ይታያል። ከ15 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ጆንያ መሬት ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅበትም፤ ሲደርስም ቁልቁል የሚወርድበት ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ150 ሜትር ቢለቀቅ ግን፣ የነፋሱ መከላከል ባይታሰብ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 195 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መሬት ሲነካም የሚያርፍበት ጉልበት ዐሥር እጥፍ ነው፤ ይህን የሚችል ጆንያ አልተሠራም። ከ15 ሜትር የሚወርደውም ቢሆን እንዲያው አልተጣለም። አንዱን ጆንያ በሌላ ጆንያ ውስጥ እየከተቱ ነበር የሚጥሉት፤ የውስጠኛው ሲፈነዳ የውጭው እህሉን እንዳያፈስ ይይዘዋል። አይሮፕላኑ ከቦታው ሲደርስ አብራሪው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል፤ ጭነቱም በወለሉ ላይ በተተከሉት ተንከባላይ ብረቶች ተንሸራትቶ በኋላው በር ይወጣል። ጆንያው ከወጣ በኋላም የአይሮፕላኑ ፍጥነት አይለየውም። አይሮፕላኑ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ይበራል ብንል፣ ጆንያው መሬት እስኪነካ ድረስ 100 ሜትር ያህል ወደፊት ይወረወራል። እንግዲህ ሰው ቆሞ ቢገኝ የሚደርስበትን መገመት አያስቸግርም። ሄሊኮፕተሩ አስቀድሞ የሚያርፈው ስለዚህ ነው፤ ቦታውን ያመለክታል፣ ሕዝቡንም ከመውረጃው መሥመር ያርቃል።

ደጋው ሌላ ችግር አለበት። በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በመቶ ሃያ ከሚበልጥ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አይሸከምም፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ እንዳይወድቅ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በመቶ 13 ወይም 14 ያህል አብልጦ መፍጠን አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያው አየር መሳሳት ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል። እንግዲህ አብራሪው በደከመ ሞተር፣ በበለጠ ፍጥነት፣ ገደል ለገደል፣ በአራት ፎቅ ከፍታ ላይ ይበራል ማለት ነው። ለጦርነት የተማሩት ትምህርት እዚህ ላይ ጠቀማቸው፤ የጠላት ራዳር እንዳያያቸው ዝቅ ብሎ መብረርን ተለማምደው ነበርና።

በመዝገብ ቤት ለብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ትውልዳቸው ወሎ የሆነ አንድ ታላቅ የሥራ ባልደረባ ነበሩኝ። በዚያ ዓመት ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት ገደማ ነበር። «ጋሼ፣ አይሮፕላኑን እንዴት አዩት?» ብዬ በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ «ከላይ ነዋ» ብለው መለሱልኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ እርሳቸው በአምባው ጫፍ ቆመው ሲጠብቁ አይሮፕላኑ የመጣው ከበታቻቸው፣ በሸለቆው ውስጥ ነበር። ጀርባውን፣ ከዚያም በገደሉ ፊት ላይ የሚሮጠውን ጥላውን አዩ፤ ድምፁ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። አያታቸው የጣልያንን ዘመን ያዩ ስለ ነበሩ የልጁን ራስ በጋቢያቸው ሸፍነው መሬት ላይ ተኙበት። ልጁ ቀና ሲል ሜዳው በአቧራ ተሞልቶ ነበር፤ አቧራው ሲጠራም ጆንያዎቹ እንደ ተኙ ከብቶች ተደርድረው ታዩ። ሁለቱም ጆንያ ተቀዶ እህሉ በፈሰሰበት ቦታ ሴቶች ተንበርክከው ስንዴውን ከጠጠር እየለዩ አንድ በአንድ ለቀሙ። ባዶው ጆንያም አልተጣለም፤ ለብርድ ተለበሰ። «ሸካራ ነበር፤ ግን ይሞቃል» አሉኝ።

ስለ ጆንያው ሲነሣ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። ከሰማይ የወረደ እህል ሞዴል 19 ይዞ አይመጣም። ሆኖም በየቦታው የዕርዳታ ማስተባበሪያ ሠራተኞች ነበሩ፤ የደረሰውን ከተቀደደው ለይቶ ቆጥሮ፣ በቤተ ሰብ ቁጥር ደልድሎ፣ በፊርማ ማስረከብ የነርሱ ዕዳ ነበር። በሺሕ የሚቆጠር የተራበ ሕዝብ ፊት ቆሞ ተራ ማስያዝ ቀላል አገልግሎት አይደለም፤ ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ሲጻፍ ስለ ቆጣሪዎቹ ጥቂት መጻፉ ትክክል አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን በጦር አይሮፕላን የተሳፈረው ሁሉ ግን በደስታ አልተሳፈረም። ለሰፈራ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ከተወሰዱት ገበሬዎች ብዙዎቹ የተጓዙት በአንቶኖቭ 12 ነው። የዚህ አይሮፕላን የጭነት ክፍል የአየር ግፊቱ አይጠበቅለትም፤ ለዕቃ እንጂ ለሕፃንና ለሽማግሌ የታሰበ አይደለም። በሕይወታቸው መጀመሪያ ጊዜ የበረሩት እንዲህ ተጨናንቀው ነው፤ ከፈቃዳቸው ውጪ የሄዱትም ብዙ ነበሩ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ በሐውዜን ገበያ ላይ የጦር አይሮፕላኖች ቦምብ ጣሉ፤ በገበያው ከተሰበሰቡት ብዙ ሰዎች አለቁ። የአያትየው ጋቢ በከንቱ አልተዘረጋም ነበር።

የእንግሊዝ አይሮፕላኖች በታኅሣሥ ወር 1978 ዓ.ም. ሥራቸውን ጨርሰው ተመለሱ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስን ከአገልግሎት ያሰናበተው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ነው፤ በአሜሪካ ግን አዲሱ ዐይነት፣ ባለ ስድስት ምላስ ማራገቢያው፣ ዛሬም ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም «እህሉ በፓራሹት ቢወርድ አይሻልም ነበርን?» የሚል ነው። ፓራሹት ዋጋው ውድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ከገደሉ ሥር ፈልጎ፣ አጥፎ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰው ሰው ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ፓራሹት እንዲዘረጋ አይሮፕላኑ ከፍ ማለት አለበት፤ ከፍ ካለም ነፋሱ ጭነቱን ይወስደዋል። አምባው ጠባብ፣ ዙሪያው ገደል ስለሆነ፣ ጥቂት መቶ ሜትር የሳተ እህል ማንም ወርዶ ሊያወጣው ከማይችልበት ቦታ ይገባል።