«ኪራዩ ራሱ ይከፍለዋል»፦ ስለ አከራይነት የሚነገረውና ሒሳቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ምክር ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚሰማው «ቤት ግዛና አከራይ» የሚለውን ነው። ቤት ከእጅ አይወጣም፤ ኪራይ በየወሩ ይገባል፤ የባንክ ዕዳ ቢኖርም ኪራዩ ራሱ ይከፍለዋል ይባላል። ምክሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ኑሮ በተወደደባቸው ዓመታት ብር ይዞ የተቀመጠ ሰው የመግዛት አቅሙ ሲሸረሸር፣ ቤት የገዛው ቢያንስ ንብረቱ በእጁ ቆይቷል። ስሕተቱ ሁለት የተለያዩ ጥቅሞችን እንደ አንድ መቁጠሩ ላይ ነው። የቤቱ ዋጋ መጨመር አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ በየወሩ የሚያስገባው ገንዘብ ሌላ። ጀማሪው ከሁለቱ የትኛውን እየገዛ እንደሆነ ለይቶ ካላወቀ፣ የቤት ዋጋ እየጨመረ ባለበት ጊዜ እንኳ ሊቸገር ይችላል።

ለምሳሌ በ8 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት በወር 35 ሺህ ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 420 ሺህ ብር ስለሚሆን ለጆሮ ደስ ይላል፤ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ግን 5.25 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ቢዘጋ 385 ሺህ ይቀራል። የደላላ፣ የቀለምና የቧንቧ ወጪ 35 ሺህ ቢደርስ 350 ሺህ ይሆናል። ከዚያ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ የኪራዩን ግማሽ በወጪነት ይይዝለትና በቀሪው ላይ እስከ 35 በመቶ በሚደርስ ምጣኔ ያስከፍለዋል። ሁሉ ተቀንሶ እጅ ላይ የሚቀረው ወደ 300 ሺህ ብር ነው፤ ከ4 በመቶ በታች ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የወሰነው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ እንኳ 7 በመቶ ነበር። አሁን የቤቱን ግማሽ ዋጋ፣ 4 ሚሊዮኑን፣ በ16 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው እናስብ። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 640 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል። ኪራዩ ዋናውን ዕዳ ሊነካ ቀርቶ ወለዱንም አይሸፍንም፤ ጉድለቱ በየወሩ ከደመወዝ ይወጣል።

«ባንክ ያለው ብር ይቀልጣል፣ ቤቱ ግን ዋጋው ይጨምራል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ ብዙዎችም ያተረፉት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን የተጨመረው ዋጋ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የልጅ ትምህርት ቤት አይከፍልም፤ ከቤቱ አንድ ክፍል ቆርጦ መሸጥም አይቻልም። ሲሸጥ ደግሞ በዚያው አዋጅ መሠረት ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ የ15 በመቶ ግብር አለ። ከዚህ ግብር ነፃ የሚሆነው ባለቤቱ ከሽያጩ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት የተጠቀመበት ቤት ነው። ሲከራይ የኖረ ቤት በዚህ ነፃ አይወጣም። ስለዚህ በዋጋ ጭማሪ ለማትረፍ የሚገዛ ሰው ለብዙ ዓመታት ሳይነካው ሊቆይ የሚችል ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ለወር አስቤዛ በኪራዩ ሊተማመን ያሰበ ሰው ይህን ሒሳብ ከራሱ መደበቅ የለበትም።

«ኑሮ ሲወደድ ኪራይ እጨምራለሁ» የሚለው እምነትም እንደ ድሮው አይሠራም። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ምጣኔ ልክ ነው። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። «የስድስት ወር ቀብድ ተቀብዬ ዕዳዬን እዘጋለሁ» ብሎ ያቀደ ሰው ዕቅዱን እንደገና ይሥራ። ብዙዎች በቃል ተስማምተው ያከራያሉ፣ ማንም አልጠየቃቸውም የሚባለውን አውቃለሁ። አከራይ ሕግ የሚያስፈልገው ግን ተከራዩ ሦስት ወር ሳይከፍል በሩን የዘጋ ዕለት ነው። ያን ዕለት ያልተመዘገበ ውልና በእጅ የተቀበለው ብር ምንም አያስረዱለትም።

ስለ ቤቱ አካልም ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤትን እንይ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣበት ሌሊት ግፊቱ እላይ ካልደረሰ ሮቶውም አይሞላም። ዲናሞ የሚገዛው አከራዩ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከሰረገ ውሃው የሚንጠባጠበው ከታች ባለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ስለሆነ፣ ተከራዩ ቢታገሥ እንኳ ጎረቤት አይታገሥም። ለጥበቃ፣ ለደረጃ መብራትና ለፍሳሽ መስመር የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር መዋጮ ይጠይቃል። ገዢ ቤቱን ቀን ከደላላ ጋር ከማየት ይልቅ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሄዶ ቧንቧውን ቢከፍት፣ ከታች ያለውን ጎረቤትም ቢያነጋግር ብዙ ይማራል።

ውጭ አገር ሆነው ለሚገዙ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፤ ኪራዩ በብር ነው። በወር 30 ሺህ ብር የሚከራይ ቤት፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት በባንክ ዋጋ ከ500 ዶላር በላይ ነበር። አንድ ዶላር 120 ብር ሲገባ ያው ኪራይ 250 ዶላር ሆነ። ዕዳውን በዶላር እየከፈለ ገቢውን በብር ለሚቀበል ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም ጥገና ይከብዳል።

ይህ ሁሉ አትግዙ ማለት አይደለም፤ ዋጋ የምንደራደርበት መነሻ ይለወጥ ማለት ነው። ደላላው የሚነሣው ጎረቤቱ ከሸጠበት ዋጋ ነው፤ ገዢው ግን ከተጣራው ኪራይ ሊነሣ ይችላል። ከላይ ባየነው ቤት በዓመት የሚተርፈው 300 ሺህ ብር ነው። ከገንዘቡ ቢያንስ 6 በመቶ የተጣራ ገቢ የሚፈልግ ሰው ለዚህ ቤት ሊከፍል የሚገባው 5 ሚሊዮን ብር ነው። ሻጩ 8 ሚሊዮን ሲል፣ ቀሪውን 3 ሚሊዮን የሚጠይቀው ቤቱ ነገ ሊያወጣ ለሚችለው ዋጋ ነው።