ከጉሮሮ ነቀርሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ተጨማሪ ሕክምናን ስለ መመዘን

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በጉሮሮ ነቀርሳ ምክንያት ማንቁርቱ የወጣለት ሰው ከቍስሉ በሚያገግምበት ጊዜ የሚቀርብለትን ጥያቄ ለመመርመር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሐኪሞቹ በዓይን የታየውን ሁሉ ቈርጠው ካወጡ በኋላ ሌላ ሕክምና መጨመር ለምን ያስፈልጋል? ቢጨመርስ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣልን? ነገሩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ሕመምተኛውና ቤተ ዘመዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቍርጥ መልስ እንዲሰጡ ስለሚጠየቁ፥ ሕክምና የማናጠናው ተማሪዎችም ልናውቀው የሚገባ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ነቀርሳ የምንለው ዛሬ በተለምዶ ካንሰር የሚባለውን በሽታ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማንቁርት ሦስት ሥራ አለው፤ አየር ያሳልፋል፥ ምግብና ውሃ ወደ ሳምባ እንዳይገቡ ይከላከላል፥ ድምፅም ያወጣል። ነቀርሳው ሥር ሰድዶ ሲሰፋ ማንቁርቱ በሙሉ እንዲወጣ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ቀዶ ሕክምና ስለ ነቀርሳ ሲባል በመጀመሪያ የሠራው ቴዎዶር ቢልሮት ሲሆን፥ ይኸውም በ1873 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ነው። ማንቁርቱ ከወጣ በኋላ የአየር ቧንቧው ጫፍ በአንገት ግርጌ ከቆዳ ጋር ይሰፋል፤ ሰውየውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚተነፍሰው በዚያ ቀዳዳ ነው። የአየሩና የምግቡ መንገድ ፈጽሞ ስለ ተለያየ፥ ቍስሉ ከዳነ በኋላ በአፉ መብላት ይችላል። ነገር ግን አየር በአፍንጫው ስለማያልፍ የማሽተት ኀይሉ ይቀንሳል፤ አቧራና ቅዝቃዜም ሳይጣሩ ወደ ሳምባው ስለሚገቡ ቀዳዳውን በስስ ጨርቅ መሸፈንና የሚተነፍሰውን አየር ማርጠብ ያስፈልገዋል።

ድምፁን በሚመለከት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው አየርን ወደ ምግብ ቧንቧ አስገብቶ መልሶ በማውጣት መናገር ነው፤ ይህም ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። ሁለተኛው በአንገት ላይ የሚደገፍና በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መካከል በምትበጀው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ መዝጊያ ማስገባት ነው፤ ይህን መንገድ በ1980 ዓ.ም. ለሐኪሞች ያስተዋወቁት ማርክ ሲንገርና ኤሪክ ብሎም ናቸው። ከእነዚህ አንዱን እስኪለምድ ድረስ ሕመምተኛው አሳቡን በጽሕፈት ወይም በምልክት ይገልጻል።

እንግዲህ የወጣው ሥጋ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ፓቶሎጂስት ተልኮ በአጉሊ መነጽር ይመረመራል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተወሰደች ቅንጣት የሚገኘው መልስ ከሙሉው አካል ከሚገኘው መልስ ጋር ሁልጊዜ እንደማይስማማ የታወቀ ምሳሌ አለ። በ1887 ዓ.ም. የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ ድምፁ በሻከረ ጊዜ፥ እንግሊዛዊው ሐኪም ሞሬል ማኬንዚ ከጉሮሮው የወሰዳትን ቅንጣት ታላቁ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኮ መርምሮ ነቀርሳ አላገኘባትም፤ የጀርመን ሐኪሞች ያሰቡት ቀዶ ሕክምናም ተተወ። በሽታው ግን ነቀርሳ ነበር። ፍሬድሪክ በመጋቢት 1888 ዓ.ም. ሲነግሥ መናገር ተስኖት አሳቡን በወረቀት ይጽፍ ነበር፤ ከ99 ቀን በኋላም ሞተ።

ፓቶሎጂስቱ በተለይ የሚፈልገው የሚከተለውን ነው። የተቈረጠው ዳር ከነቀርሳ ንጹሕ ነውን? በአንገት ያሉት ንፍፊቶች ተነክተዋልን? ተነክተው ከሆነስ ነቀርሳው የንፍፊቱን ሽፋን ጥሶ ወጥቷልን? ወደ ነርቭ፥ ወደ ደም ሥር ወይም በለምጣጣ አጥንት አልፎ ወደ ውጭ ዘልቋልን? የዚህ ሁሉ ምክንያት ግልጽ ነው። ከእርሻው ሰርዶ የነቀለ ገበሬ በአፈር ውስጥ የቀረች ቍራጭ መልሳ እንደምትበቅል ያውቃል፤ መሬቱ ንጹሕ መስሎ መታየቱ ብቻ አያሳርፈውም። ከቢላዋ ያመለጡ ጥቂት ሕዋሳትም በዓይንም ሆነ በራጅ አይታዩም። ስለዚህ ተጨማሪው ሕክምና የሚታሰበው የቀረ በሽታ ስለ ታየ ሳይሆን፥ ሊቀር የሚችልበት ምልክት ስለ ተገኘ ነው። ብዙ ሕመምተኞች «ሁሉም ወጥቷል» ከተባሉ በኋላ «ሌላ ሕክምና ይቀራል» ሲባሉ እንደ ተታለሉ የሚሰማቸው ይህ ልዩነት ሳይገለጽላቸው ሲቀር ነው።

እንደ ምርመራው ውጤት መንገዱ በሦስት ይከፈላል። አስጊ ምልክት ካልተገኘ፥ በየጊዜው እየተመረመሩ መቈየት ይበቃል። እንደ ነርቭ መነካት ወይም እንደ ንፍፊቶች መብዛት ያለ ምልክት ከተገኘ፥ የጨረር ሕክምና ብቻውን ይታሰባል፤ የተለመደው መጠን 60 ግሬይ ያህል ሲሆን፥ በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዳሩ ንጹሕ ካልሆነ ወይም ነቀርሳው የንፍፊቱን ሽፋን ከጣሰ፥ ከጨረሩ ጋር ሲስፕላቲን የሚባለውን መድኀኒት አብሮ መስጠት ይመከራል።

ይህ ምክር የተመሠረተው በ2004 ዓ.ም. በታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ላይ ነው፤ አንዱ በአውሮፓ፥ ሁለተኛው በአሜሪካ ተደርጓል። ሁለቱም የአፍ፥ የጉሮሮና የማንቁርት ነቀርሳ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍለው፥ ለእኵሌቶቹ ጨረር ብቻ፥ ለእኵሌቶቹ ጨረርና ሲስፕላቲን ሰጡ። በአውሮፓው ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ሁለቱን ከወሰዱት ከመቶ 53፥ ጨረር ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 40 ነበሩ። በአሜሪካው ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው በስፍራው ያልተመለሰባቸው ከመቶ 82 እና ከመቶ 72 ሆኑ፤ በጠቅላላው ዕድሜ ረገድ ግን ርግጠኛ ልዩነት አልተገኘም። በ2005 ዓ.ም. የሁለቱ ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲመረመር፥ ከመድኀኒቱ ይበልጥ የተጠቀሙት ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ምልክቶች ያሉባቸው መሆናቸው ታወቀ።

ነገር ግን የሚዛኑ ሁለተኛ ወገን ቀላል አይደለም። በአሜሪካው ጥናት በሕክምናው ጊዜ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ጨረር ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 34 ሲሆኑ፥ መድኀኒት ከተጨመረላቸው ግን ከመቶ 77 ነበሩ። ጨረሩ አፍንና ጉሮሮን ያቈስላል፥ ምራቅን ያደርቃል፥ መዋጥን ያስቸግራል፤ ከዓመታት በኋላም የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ሊያደክም፥ የመንጋጋን አጥንት ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ የተበላሹ ጥርሶች ካሉ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት መታከም ወይም መነቀል አለባቸው። ሲስፕላቲን ደግሞ ኵላሊትንና መስማትን ይጐዳል። ድምፁን ላጣ ሰው መስማትንም መቀነስ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ማንም ሊያስበው ይችላል። በዕድሜ ከ70 ዓመት ላለፉት የመድኀኒቱ ተጨማሪ ጥቅም እያነሰ መሄዱም ታውቋል።

ከዚህ ሌላ ጊዜው ራሱ ይመዘናል። ጨረሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ቍስሉም አስቀድሞ መዳን አለበት። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ቢሆንም ከሩቅ የመጣ ገበሬ ስድስት ሳምንት የሚያድርበት ቤት፥ የሚያስታምመው ዘመድና እርሻውን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ጀምሮ ማቋረጥ የሕክምናውን ኀይል ስለሚያደክም፥ ይህ ስሌት ከሕክምናው ስሌት ተለይቶ ሊታይ አይገባም። ትምባሆ የሚያጨስም ቢሆን ማቆሙ ከማናቸውም መድኀኒት ጋር የሚደመር ጥቅም ነው።

በመጨረሻ ልናነሣው የምንወደው ስለ መልሱ ባለቤት ነው። በእኛ ልማድ የከባድ በሽታ ስም ለታመመው ሰው ሳይነገር ለልጁ ወይም ለወንድሙ ይነገራል፤ ይህም ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ማንቁርቱ የወጣለት ሰው ግን መናገር ባለመቻሉ ብቻ አሳብ የሌለው ተደርጎ የሚታይበት አደጋ እጥፍ ነው። የአፍ መቍሰሉንና የመስማት መቀነሱን የሚሸከመው እርሱ ነው፤ ዕድሜ ቢጨመርም ለእርሱ ነው። ስለዚህ የምርመራው ውጤት፥ የሚገኘው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉዳት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ጽሕፈት የሚያውቅ እንደ ሆነ ወረቀትና እርሳስ፥ የማያውቅ እንደ ሆነ በአዎንና በአይደለም በምልክት የሚመልሰው ጥያቄና በቂ ጊዜ ይሰጠው። ዳሩ ንጹሕ ያልሆነለት ብርቱ ጐልማሳና ኵላሊቱ የደከመ ሽማግሌ የተለያየ መልስ ቢሰጡ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋናው ነገር መልሱ ከማወቅ የመጣና የራሳቸው መሆኑ ነው።