ብሬከር አለን ብላችሁ አትዘናጉ

አቀስታ ካሉ የብየዳና የወፍጮ ቤት ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ብሬከር አስገብተናል፤ ገመዱ ትንሽ ቢላጥ ምን ችግር አለው?» የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝና በግልጽ ልናገር፤ ይገድላል።

ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ በላይ ካልተሳበ አይጥልም። በእርጥብ እጁ የተላጠ የ220 ቮልት ገመድ የያዘ ሰው ላይ የሚያልፈው ግን 0.2 አምፔር ገደማ ሊሆን ይችላል። ልብን ለማቆም ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ክረምት ላይ ወለሉ ሲርስ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ፦
1. በ30 ሚሊአምፔር የሚያጠፋ፣ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው ብሬከር አስገቡ።
2. የተላጠ ማራዘሚያ በናስትሮ አይድንም፤ ቀይሩት።
3. የብየዳ ማሽኑን አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ሽቦ ቆርጣችሁ አትጣሉ።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትጎትቱት፤ መጀመሪያ ዋናውን ማብሪያ አጥፉ። ካልተነፈሰ ደረቱን በፍጥነት እየተጫናችሁ እርዳታ ጥሩ። «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ ቃጠሎው ከውስጥ ሊሆን ይችላል።

በአዋጅ 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። አዲስ ገመድ የጠየቀ ሠራተኛ ውለታ አልለመነም።

የገመዳችሁን ፎቶ ላኩልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ። ከማንሳታችሁ በፊት ግን ከሶኬት ንቀሉት።