የአንበሳ ግቢ ደቦሎችና የፎቶግራፍ ሥራ

ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ስድስት ኪሎ ለሚወጣ ሰው፣ ከየካቲት 12 ሰማዕታት አደባባይ አጠገብ የሚገኘውና ሕዝቡ «አንበሳ ግቢ» ብሎ የሚጠራው ሥፍራ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ለብዙ ትውልድ የአንበሳን ግልገል፣ ማለትም ደቦልን፣ በቅርብ ያየበት ቦታ ነው። ግቢው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ መነሻ የሆኑት ሰባቱ አንበሶች፣ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው እንደመጡ ይነገራል። ከእነርሱ የተወለዱት ወንዶች ከራስና ከአንገት ተነሥቶ በደረት በኩል እስከ ሆድ በሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸው ይታወቃሉ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናትም የ15 አንበሶችን ናሙና መርምሮ፣ ለንጽጽር ከቀረቡት ሌሎች አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል።

የዚህ ግቢ ደቦሎች ፎቶግራፍ ከሌላው ዓለም መካነ እንስሳት ፎቶግራፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሊዘነጋ የማይገባው የጊዜ ግጥምጥሞሽ አለ። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ቢቢሲ እንደዘገበው፣ ግቢው ለሚወለዱት ደቦሎች የሚሆን ቦታና ገንዘብ በማጣቱ አንዳንዶቹ በመርዝ ይገደሉ፣ በድናቸውም ለጌጥ ለሚያደርቁ ሰዎች ይሸጥ ነበር። በዚያው በኅዳር ወር፣ በ26ኛው ቀን፣ በበርሊን መካነ እንስሳት ክኑት የተባለ የዋልታ ድብ ደቦል ተወለደ፤ እናቱ ስላልተቀበለችው በሰው እጅ በጡጦ አደገ፣ መጋቢት 14 ቀን ለሕዝብ ሲቀርብም በመቶ የሚቆጠሩ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ደግነው ጠበቁት። ክኑት አራት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ኖሮ መጋቢት 10 ቀን 2003 ዓ.ም. ቢሞትም፣ መልኩ ከጡጦው ዘመን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በፎቶግራፍ ተመዝግቦ ቀርቷል፤ የአዲስ አበባዎቹ ደቦሎች ግን በዜና የታወቁት በጥቅል ነበር። ለአንድ ደቦል የተለየ መልክና ታሪክ መስጠት የሚችለው ካሜራ በመሆኑ፣ በዚህ ግቢ የሚነሣው ፎቶግራፍ እንዴት ሊነሣ እንደሚገባው ማወቅ ከጌጥ ያለፈ ጥቅም አለው።

ደቦል የተወለደ ሰሞን ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ክብደቱም ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ የሚሆን ነው። እናቲቱ 110 ቀን ገደማ አርግዛ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ትወልዳለች፤ በዱር ከሆነች ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከመንጋው ሸሽጋ ስለምታሳድጋቸው፣ በግቢም ቢሆን በእነዚህ ሳምንታት ሰውም ካሜራም ሊርቃት ይገባል፤ የተረበሸች እናት ልጆቿን ልትተው አልፎም ልትገድል ትችላለችና። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ በተለይ ጠጉራቸው ላይ ያለው ዥንጉርጉር ነጠብጣብ ገና ሳይደበዝዝ መጫወት የሚጀምሩበት ወቅት፣ ለፎቶግራፍ አንሺው እጅግ የበለጸገ ነው። አንበሳ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተኝቶ ስለሚያሳልፍ፣ ደቦሎቹ የሚነቁበትን ማለዳና አመሻሽ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሲላፉ እንዳይደበዝዙ ደግሞ የሹተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበት ቅጽበት፣ ከሰከንድ 500ኛ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል።

በብረት ፍርግርግ ፊት የቆመ ሰው የመጀመሪያ ችግሩ ብረቱ ነው። የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ በሰፊው ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው የቦታ ጥልቀት ይጠባል፤ ስለዚህ ረጅም ሌንስ ይዞ፣ ቀዳዳውን ከፍቶ፣ ደቦሉ ከፍርግርጉ ራቅ ብሎ ወደ ውስጥ እስኪገባ የታገሠ ሰው ብረቱን እንደ ስስ ጭጋግ አሟሙቶ ከሥዕሉ ሊያጠፋው ይችላል። ሌንሱ ለብረቱ በቀረበ መጠን ውጤቱ ይሻሻላል፤ ነገር ግን ለጎብኚ መከላከያ የተሠራውን አጥር አልፎ መቅረብ ፈጽሞ የማይገባ ስለሆነ፣ የጎደለውን ቅርበት የሌንሱ ርዝመት መሙላት አለበት። ፀሐይ የምታበራበት ብረት ብርሃን አንጸባርቆ ሥዕሉን ስለሚያነጣው፣ ጥላ ያረፈበትን የፍርግርግ ክፍል መምረጥ ይበጃል። ፍላሽ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ብረት አንጽቶ የደቦሉን ዓይን እንደ ፍም ስለሚያበራ፣ እንስሳውንም ስለሚያስደነግጥ፣ መዘጋት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የብርሃን ልክ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ የዋልታ ድብ በበረዶ መካከል ሲነሣ አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ የበርሊኑ ፎቶግራፍ አንሺ ስለዚህ ብርሃን መጨመር ነበረበት። በስድስት ኪሎ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአባትየው ጥቁር ጎፈር ሥዕሉን ከሞላው መለኪያው ብርሃን አብዝቶ የደቦሉን ፈዛዛ ቡናማ ፊት ያነጣዋል፣ ስለሆነም ብርሃን መቀነስ ይሻል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ጥላውን እጅግ ስለሚያጠቁረው፣ ብዙ ሰው የሚሸሸው የክረምት ደመና ለጎፈርና ለጠጉር ዝርዝር ከሁሉ የተሻለ ብርሃን ይሰጣል።

መልክን በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ መመዝገብ ለአዲስ አበባ ባዕድ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው የገዥዎችን መልክ ለትውልድ አቆይተዋል። የደቦል ፎቶግራፍም ከዚህ ባላነሰ ክብር እንደ መታወቂያ ሊነሣ ይገባል፤ ለዚህም ሳይንሱ መንገድ ከፍቷል። በ1970 እ.ኤ.አ. ፔኒኩዊክና ሩድናይ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ እያንዳንዱ አንበሳ ጢሙ በሚበቅልባቸው ጥቁር ነጥቦች አሰላለፍ ከሌላው ሊለይ እንደሚችል አሳይተዋል፤ አሰላለፉ በዕድሜ የማይለወጥ በመሆኑ፣ የዱር አንበሳን የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። ዋናው መለያ ከላይኛው ሙሉ የጢም ረድፍ በላይ የሚገኙት ጥቂት ነጥቦች ናቸው። የግራውና የቀኙ ጉንጭ አሰላለፍ የተለያየ ስለሆነ፣ አንድ ደቦል በትክክል ተመዘገበ የሚባለው ሁለቱም ጎኖቹ በዓይኑ ከፍታ፣ አፉ ተዘግቶ ሳለ ተነሥተው፣ የእናቱ ስምና የተነሣበት ቀን በሥዕሉ ጀርባ ወይም በፋይሉ ላይ ሲጻፍ ነው።